የወይኖና የቡሬ መጫኛ

ከወረዳ የመጣው ልጅ ገበየሁን ስለ መሬት ጠየቀው፤ እኔን ውሃ ጠየቀኝ።

ቀድቼ ሰጠሁት። እንግዳ ነው፤ አቀበቱንም በእግሩ ነው የወጣው። እኔ ራሴ ለዚያ ቤት እንግዳ ነበርሁ። ገበየሁ ወገቡን ታመመ ቢሉኝ አንድ ዳቦ ይዤ ልጠይቀው ሄጄ ነው። ልጁ የቤቱ ውሃ ቀጂ መስዬው ይሁን ምን እንጃ፣ ጣሳውን መልሶ አስጨበጠኝና ፊቱን ወደ ገበየሁ አዙሮ ደብተሩን ገለጠ። የቀበሌያችንን ታሪክ ከሽማግሌዎች አፍ እየለቀመ ነው አሉ። «በዚህ አገር የመሬት ገመድ መጀመሪያ የሳበው ማን ነው?» አለው። ገበየሁ አልጋው ላይ እንደተደገፈ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «እኔ ነኝ» አለ።

እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። ጣሳውን ይዤ።

«ውሸቱን ነው» አልሁት ልጁን። «መጀመሪያ የሳብሁት እኔ ነኝ። ያውም በሩጫ፣ በውርጭ።»

ልጁ ቀና ብሎ አየኝ፤ እግሬንም አየው። ፈገግ አለና፣ «ሴቶችም ተሳትፈዋል ብዬ እጽፋለሁ፣ እማማ» አለኝ።

ተሳትፈዋል የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ አላውቅም። እኔ ሮጫለሁ። ገበየሁም መሮጤን በዓይኑ አይቷል፤ ያን ጠዋት ካዩት ሰዎች ከእኔ በቀር በሕይወት የቀረው እሱ ብቻ ነው። አየኝ፣ ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረ። ወገቤን አለ።

እንግዲያው እኔም አጻፍሁ። ፊደል አልቆጠርሁም፤ ብዕሩን የያዘልኝ የደብራችን መሪጌታ ነው። እንደተናገርሁት ጻፍ ብዬዋለሁ። መጀመሪያ በረቡዕ ስድብ አልጽፍም ብሎኝ ነበር። ስድብ አይደለም፣ የሰውየው መልክ ነው አልሁት።

ስሜ በለጥሻቸው ነው። የተወለድሁት ደጎሎ በኩል፣ ገብስ አገር ነው። ያገባሁት ግን እዚህ፣ ከመካነ ሰላም ማዶ፣ በላይ ለሚባል ሰው ነው። ነገሩ የሆነው ንጉሡ በመስከረም በወረዱበት ዓመት፣ በኅዳር ነው፤ ስልሳ ሰባት ማለት ነው። ከዚያ በፊት ስለነበሩት ሁለት ዓመታት አላወራም። ያየ ያውቀዋል፤ ያላየም አይየው። ስለ በሬዎቼ ብቻ ልናገር።

ሁለት ነበሩን። ወይኖ ቀይ ነበር፣ ቡሬ ጥቁርና ነጭ። ሣር ሲጠፋ የቤታችንን ክዳን እየመዘዝን አበላናቸው፤ ተኝተን ሰማይ እስኪታየን ድረስ። በአንድ ሳምንት ተከታትለው ወደቁ። ሥጋቸውን በላን፤ አላፍርበትም። ቆዳቸውን ግን በላይ አልጣለውም። ቀዩንና ቡሬውን እየተለተለ፣ እያለፋ፣ ሁለቱን አንድ ላይ እየገመደ መጫኛ አወጣው። አርባ ክንድ። እህል በአጋሰስ ላይ የሚታሰረው በእንዲህ ያለ የጠፍር መጫኛ ነው። አጋሰስ የለን፣ እህል የለን፤ እሱ ቁጭ ብሎ መጫኛ ይገምዳል። ምን ልትጭንበት ነው ብዬ ሳቅሁበት። የሚጫን ሲገኝ መጫኛ አጣሁ እንዳልል ነው አለኝ። ጫፉን የቋጠርሁት እኔ ነኝ፤ የደጎሎ ቋጠሮ፣ ሦስት ጊዜ ዞሮ በራሱ ውስጥ የሚገባ። ከዚያ እህል ፍለጋ ወደ ደሴ መንገድ ወጣ። መጫኛውን ትቶልኝ። ከመጠለያ ገብቶ በተቅማጥ ሞተ ብለው ሰዎች ነገሩኝ። የት እንደተቀበረ አላውቅም። ከሦስቱ የቀረኝ ያ መጫኛ ነው።

ዝናቡ ሲመለስ የመሬቱ ጌታ ግራዝማች አድማሴ አስጠሩኝ። ግራዝማች በሁሉም በኩል ትልቅ ሰው ነበሩ። አገር ሁሉ ሲከሳ እሳቸው ክሳት አልያዛቸውም፤ በቅሏቸው ከርቀት ስታያቸው ጆሮዋን ትጥል ነበር። ባል የለሽ፣ በሬ የለሽ፣ ማሳውን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ አሉኝ። እኔ ለልመና ጉልበቴ አይታጠፍም። ማንም የማይፈልገውን ስጡኝ አልሁ፤ የጨፌውን ዳር። ጨፌው ከሸለቆው ሥር ያለ ረግረግ ነው። ብርድ ከተራራው ወርዶ የሚተኛው እዚያ ነው፤ እዚያ ተዘርቶ የተበላ እህል ትዝ የሚለው ሰው አልነበረም። ሰዎቻቸው ሳቁ። ግራዝማችም ሳቁና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቃል ሰጡ።

«ከዚያ ገብስ ካነሣሽ ዕድሜሽን ሙሉ እረሺው። ውርጭ ከበላው ግን በጥር ጓዝሽን ጠቅልለሽ ወደ ደጎሎሽ።»

እሺ አልሁ። ዘሩን ደጎሎ ከወንድሜ ዘንድ በጀርባዬ አመጣሁ። መሬቱን በዶማ ቆፈርሁት። ስለዘገየሁ ኅዳር ሲገባ የሌላው ገብስ ሲደርቅ የእኔው ገና ወተት እንደያዘ ነበር። ከጅረቱ ማዶ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የግራዝማችም ገብስ እንደዚያው ዘግይቷል፤ ያ ረሃብ ለጌታም ዘር በጊዜው አላስቀረም።

አሁን ስለ ውርጭ የማታውቁ ስሙኝ። ውርጭ ብቻውን ገብስ አይገድልም። ገብሱ ላይ ነጭ ሆኖ ተቀምጦ ሳለ ፀሐይ ስታገኘው ነው የሚገድለው፤ በአንድ ጠዋት እሸቱን ገለባ ያደርገዋል። በእኛ አገር ታዲያ ሁለት ሰው ገመድ ይይዛል፤ አንዱ በማሳው በዚህ ዳር፣ ሌላው በዚያ ዳር። ገመዱ የገብሱን ራስ እያሻሸ እንዲያልፍ አድርገው ፀሐይ ሳትደርስ ከጫፍ ጫፍ ይሮጣሉ። ውርጩ ይራገፋል፣ ገብሱ ይተርፋል። የምትሮጠው ከፀሐይ ጋር ነው። ብርሃኗ መጀመሪያ ከገደሉ ጫፍ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ቁልቁል ወደ ጥዱ፣ ከጥዱ ወደ ድንጋይ ካቡ፣ ከካቡ ወደ ገብስሽ ትወርዳለች። ካቡን ከነካች አልቋል። እዚህ አገር ግን ከጨፌ ዳር የሚዘራ ስለሌለ ይህን ያየ ሰው አልነበረም።

ጣጣው መጫኛ ሁለት ጫፍ ያለው መሆኑ ነው። እኔ ብቻዬን ነኝ። ሐረግ የምትባል ጎረቤት ነበረችኝ፤ እሷም ባሏ የሞተባት፣ ከእኔ ቁራሽ ቀጥሎ በዚያው ቃል መሬት የወሰደች። ከሐረግ ጋር ግን ከተኳረፍን ዓመት አልፎናል። በረሃቡ ጊዜ አንዲት ዶሮ ቀርታኝ ነበር፣ ጠፋች። በዚያው ቀን ከሐረግ ቤት የተቃጠለ ላባ ሸተተኝ። ብጠይቃት ፀጉሬን እሳት ልሶት ነው አለች። የሐረግ ፀጉር ከመቼ ወዲህ በርበሬ በርበሬ ይሸታል?

ሰላም ሳንባባል በምን እንነጋገር? ከአጥሯ ሥር ሄጄ ለውሻዋ ነገርሁት።

«አንተ ውሻ፣ ሰማዩ ጠርቷል፤ ነገ ውርጭ ይወድቃል። እመቤትህ ገብሷን ከፈለገች ዶሮ ሲጮህ ከጨፌው ዳር ትምጣ።»

ሐረግም ከቤት ውስጥ ሆና ለዚያው ውሻ መለሰችለት። «ዶሮ የሌላት ሴትዮ ዶሮ ሲጮህ ከየት ልትሰማ ነው በልልኝ።»

ጠዋት ግን መጣች። መጫኛውን ውርጭ እንዳይዘው ሞራ ቀብቼዋለሁ። ጫፉን ወረወርሁላት፣ ያዘች፣ ሮጥን። ቃል አልተነፈስንም፤ የምንነጋገረው በገመዱ ነበር። አንድ ጊዜ ስጎትት ሂጂ ነው። ሁለት ጊዜ፣ ቁሚ። እሷ ሦስት ጊዜ ስትጎትት መስደቧ እንደሆነ ገባኝ፤ እኔም አራት ጊዜ ጎትቼ መለስሁላት። እግራችን ከቅዝቃዜው የእኛ አልነበረም። እስትንፋሳችን እንደ ጭስ ከፊታችን ይሄዳል። የእኔን ማሳ ወርደን የእሷን እንወጣለን፤ ካቡ ላይ ፀሐይ ስትደርስ እኛ ጨርሰን፣ ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተን ፀሐይዋን እንሞቃለን። እንዲህ አድርገን ሦስት ጠዋት ገብሳችንን አተረፍን።

በሦስተኛው ጠዋት ሐረግ የጅረቱ ዳር በረዶ አንሸራተታት። ቁርጭምጭሚቷ እንደ ቅል አበጠ። ሰማዩን አየሁት፤ አንድ ደመና የለበትም፣ ነፋስም ቆሟል። የነገው ውርጭ እስከ ዛሬ ካየነው ሁሉ የከፋ እንደሚሆን ማንም ገበሬ ይነግርሃል። ጫፍ የሚይዝ ሰው ደግሞ የለኝም። እንደዚያ ተቀምጬ ስብሰለሰል ነው ገበየሁ የመጣው።

ገበየሁ ያኔ የግራዝማች ምስለኔ ነበር፤ ዓይናቸውም ጆሯቸውም እሱ ነው። ከተረተሩ ላይ ሆኖ በጉሙ ውስጥ ሁለት ሰው የጠፍር ገመድ ወጥሮ በመሬቱ ላይ ሲመላለስ አይቷል። አንድ ቀን ቢሆን ምንም ባላለ፤ ሦስት ቀን። ያን ሰሞን ደግሞ ወሬው ሌላ ነበር። ንጉሡ ወርደዋል። መካነ ሰላም ሬዲዮ ያለው ሰው ቤት ደጃፍ ሰው ተኮልኩሎ ይውላል፤ መሬት ተለክቶ ላራሹ ሊሰጥ ነው ይባላል። መሬት የሚለካው ደግሞ በምን እንደሆነ አገር ያውቃል፤ በጠፍር ገመድ ነው። በአያቶቻችን ዘመን ያ ገመድ የተጣለበት መሬት እንደ ዱሮው ለባለቤቱ አልቀረም፤ ሰው ከጅብ ይልቅ እሱን ይፈራ ነበር።

«በለጥሻቸው» አለኝ፣ ከዚያ በፊት በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። «ማለዳ ማለዳ ገመድ ይዛችሁ የምትሮጡት ምንድን ነው?»

ወላሂ ውርጭ እያራገፍን ነው ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ፊቱን ሳየው ግን ላብ አለው። በኅዳር፣ በዚያ ብርድ፣ ላብ። የሚፈራ ሰው ሲጠይቅሽ እውነቱን መንገር ልግስና ነው፤ እኔ ያን ዓመት የምለግሰው አልነበረኝም።

«አንተ ሳትሰማ ቀርተህ ነው?» አልሁት።

ማን እንዳዘዘን ጠየቀኝ። እንዳትናገሩ ተብለናል አልሁ። ለምን በሩጫ እንደሆነ ጠየቀኝ። ባለመሬቶች ከመኝታቸው ሳይነሡ እንድንጨርስ ነው አልሁ። እናንተ ሴቶች ናችሁ፣ ማን ለዚህ ይመርጣችኋል አለኝ። ማንም እንዳይጠረጥር ብለው ነዋ አልሁት፤ ይኸው አንተስ ለመጠርጠር ሦስት ቀን ፈጀብህ። አንዱ ውሸት ሌላውን እየወለደ እኔም ገርሞኝ ነበር። ከዚያ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

«ነገ ጨፌውን እንጨርሰዋለን። ሐረግ እግሯ አብጧል። ከግራዝማች ወገን መጥቶ ጫፉን የያዘ እንደሆነ፣ ወሰኑን ራሳቸው አሳዩ ተብሎ ይያዝላቸዋል። የመጣ ከሌለ እኔ በገመትሁት ነው የሚሆነው። የእኔን ግምት ደግሞ ታውቀዋለህ፤ ከእሳቸው ጋር ብዙም አንዋደድም።»

እየሮጠ ሄደ። እኔ የጠበቅሁት ገበየሁን ነበር። ጠንካራ ነው፣ እግሩ ረጅም ነው፤ ለሩጫ ይሆነኛል ብዬ ነው።

ማለዳ ወጣሁ። ምድሩ ነጭ ነው። ሣሩ ሲረገጥ እንደ ቆሎ ይሰበራል፤ ገብሴ እያንዳንዷ ዛላ ነጭ ጢም አብቅላለች። ሐረግ እግሯን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ጋቢ ተከናንባ ካቡ ላይ ተቀምጣለች። ልታይ ነው የመጣችው፤ ውሻዋም አጠገቧ አለ። ገበየሁ በቅሎ እየሳበ ከጉሙ ወጣ። በቅሎዋ ላይ ማን አለ? ግራዝማች አድማሴ ራሳቸው። በርኖስ ለብሰው፣ ባርኔጣ ደፍተው፣ አፍንጫቸው ብቻ ቀልቶ ይታያል።

ከወገቤ በላይ ሰገድሁ። ከወገቤ በታች እየተንቀጠቀጥሁ ነበር፤ ከብርዱ ነው ብላችሁ እመኑልኝ።

ገበየሁ ጫፉን ልያዝ ብሎ እጁን ዘረጋ። ግራዝማች በአርጩሜ መለሱት። «አንተ ለማን እንደምትስብ በምን አውቃለሁ?» አሉት። እዚህ ላይ ልክ ነበሩ፤ ዓመት ሳይሞላ ተረጋግጧል። ወረዱ፣ ጫፉን ራሳቸው ጨበጡ፣ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቁኝ።

«እርስዎ በላይኛው ወሰን፣ ጌታዬ። እኔ በታችኛው። ገመዱ የገብሱን ራስ እየነካ ነው መሄድ ያለበት።»

«ለምን ይነካል?»

«ከፍ ካለ ይረግባል። ከረገበ ልኩ ልክ አይሆንም።»

«መሮጡስ?»

«ጠፍር ፀሐይ ሲያገኘው ይኮማተራል» አልሁ። ገደሉን አየሁ፤ ጫፉ ቀልቷል። «ፀሐይ ካቡን ሳትነካ ካልጨረስን የተለካው ሁሉ ከንቱ ነው።»

አንድ ጊዜ ጎተትሁና ሮጥሁ።

በሕይወቴ እንዲያ ያለ ገመድ ያዥ አላገኘሁም። ሐረግ ስትይዝ ታላላዋለች። ግራዝማች ግን አንድ ስንዝር መሬት ለወሰንተኛ እንዳይሄድባቸው መጫኛውን ወደ ላይ ወደ ላይ ይስባሉ፤ እንደ በገና ጅማት ተወጠረ። አንድ ዛላ አላመለጠውም። ውርጩ ሺሺሺ እያለ እንደ ዱቄት ከኋላችን ይረግፋል። ሃያ እርምጃ ሳይሄዱ በርኖሱ ከበዳቸውና ለገበየሁ ወረወሩት። ቀጥሎ ባርኔጣው ወደቀ፤ አላነሡትም። በቅሎዋ ከተራራው ሥር ቆማ ጌታዋ በገዛ እግራቸው ሲሄዱ አይታ አታውቅምና፣ አንገቷን አስግጋ ታያቸዋለች። የእኔን ማሳ ጨርሰን ስንቆም እንደ ወናፍ ይተነፍሱ ነበር።

«አለቀ?» አሉ።

«የሐረግ ቀርቷል፣ ጌታዬ» አልሁ። ፀሐይ ጥዱ ላይ ነበረች። «እሷን ከተውናት ማዶው ሁሉ በእኔ ግምት ይያዛል።»

ስድብ ሰደቡ፤ መሪጌታ አይጽፈውም። ግን ሮጡ። ሽቅብ ነው፤ ሐረግ ካቡ ላይ ተነሥታ በአንድ እግሯ ቆማ፣ «በላይ በኩል ረገበ፣ በላይ በኩል» እያለች ታርማቸዋለች። እኔ ከሳቁ የተነሣ ዓይኔ አያይልኝም። ሳቅ ደግሞ ሲሮጡ ጎን ይወጋል፤ እንባዬ ጉንጬ ላይ እየቀዘቀዘ፣ ጎኔን በአንድ እጄ ይዤ ነው የጨረስሁት። እኛ ቆምን፣ ፀሐይም ካቡን ነካች። ቀጥላ ገብሳችን ላይ ወረደች። አረንጓዴ፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ ገብስ ነው ያገኘችው።

ግራዝማች እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አጎንብሰው ቆዩ። ከዚያ፣ «ስንት ሆነ?» አሉኝ።

«አልቆጠርሁም።»

«ለምን አትቆጥሪም?»

«እኔ ፊደል ያልቆጠርሁ ሴትዮ ነኝ፣ ጌታዬ። ምን ብዬ ልቁጠር?»

ቀና አሉ። መጀመሪያ የእኔን ገብስ አዩት። ቀጥለው ከሥሩ አፈሩ ላይ የረገፈውን ነጭ አዩት። ከዚያ ዓይናቸው ጅረቱን ተሻገረ፤ ማዶ የራሳቸው ገብስ አለ፣ እስከ አንገቱ ነጭ ለብሶ፣ ፀሐይ እላዩ ላይ እያበራችበት። ጌታ ቢሆኑም የገበሬ ልጅ ናቸው። ገባቸው።

«ውርጭ ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

«ውርጭ ነበር» አልሁ።

ገበየሁ በርኖሱን ታቅፎ የሚገባበት ጠፍቶታል። ይህኔ ነው ሐረግ ከካቡ ላይ፣ ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ የመጀመሪያዋን ቃል ለውሻው ሳይሆን ለእኔ የተናገረችው።

«በለጥሻቸው፣ ዶሮሽ ስብ ነበራት» አለችኝ።

እሷ ሳቀች። እኔም ልቆጣ ብዬ አልሆነልኝም፣ ሳቅሁ። ግራዝማች አርጩሜያቸውን ጨብጠው ወደ እኔ ሁለት እርምጃ መጡ። ጥር በዓይኔ ላይ ዞረ፤ ጓዜን ጠቅልዬ የደጎሎን መንገድ ስይዝ ታየኝ። ዱላው ይምጣ እንጂ ቃሉን አያጥፉት እያልሁ ነበር በሆዴ። እሳቸው ግን ቆም አሉ። ወደ ተረተሩ አዩ፣ ሰው እንዳላያቸው። ፀጉራቸው ላይ ውርጭ አለ፣ ባርኔጣቸው ከማሳው መካከል ወድቋል፤ ለአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ገብስ ሲሮጡ ያረፈዱ ግራዝማች። ይህ ወሬ እስከ ከላላ ገበያ ቢደርስ ስንት ዓመት እንደሚሳቅበት እሳቸውም ያውቁታል፣ እኔም አውቀዋለሁ።

«ይህን ከአንደበትሽ ሰው የሰማ እንደሆነ…» አሉኝ።

«ገብሱ ይድረስልኝ እንጂ እኔ ምን አንደበት አለኝ» አልሁ። «ቃልዎን ግን ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

በቅሏቸው ላይ ወጥተው ሄዱ። የማዶው ገብስ ሦስት ቀን ሳይሞላ ነጣ፤ ብትፈለፍለው ባዶ ነው። በገብሱ አልሳቅሁም። ያን ዓመት በገብስ የሚስቅ ሰው አልነበረም። የእኔ ግን ደረሰ፣ አጨድሁ፣ ወቃሁ፤ ጥር ሲመጣም ጓዜን የጠቀለለ የለም። ግራዝማች ቃላቸውን ጠበቁ፣ እኔም ምላሴን። እስኪሞቱ ድረስ ለአንድ ሰው አልተናገርሁም። ሐረግም ሳትናገር ሞተች፤ ዶሮዬን ሳትከፍለኝ፣ ነፍሷን ይማር።

በዚያው ዓመት የካቲት ላይ አዋጁ እውነት ሆኖ መጣ። መሬት ላራሹ ሆነ። ገበሬው ማኅበር ሲያቋቁም ሊቀ መንበሩ ማን ሆነ? ገበየሁ። በርኖስ ያቀፈበት ክንዱ ሳይቀዘቅዝ። አንድ ቀን ደጄ መጥቶ ቆመ። መሬት ልናከፋፍል ነውና መጫኛሽን አውሺኝ፣ በእሱ ነው ሁሉ የሚያምነው አለኝ። የወይኖና የቡሬ ቆዳ ነው፣ የበላይ እጅ ነው፣ አደራ አልሁት። አደራ በሰማይ በምድር አለ። በእኔው መጫኛ የእኔኑ ጨፌ ለክቶ ሰጠኝ፤ ለዚህ አልወቅሰውም፣ ልኩም ልክ ነበር። መጫኛውን ግን አልመለሰም። ብጠይቀው ወረዳ ወሰደው አለ። ደግሜ ብጠይቀው ከደጅ ረስቼው ጅብ በላው አለኝ። ጅብ ጠፍር ይወዳል፣ አመንሁት። ይኸው አርባ ዓመት አለፈኝ፤ ጅብ በጮኸ ቁጥር ስረግም።

አሁን ወደዚያ ቀን ልመለስ፤ ከወረዳው ልጅ ጋር ወደ ተገናኘንበት። ገበየሁ ሲታመም ቦታው ለጠያቂ እንዲበቃ ብለው አልጋውን ከጓዳ ወደ ፊት ቤት አውጥተውታል። ልጁ ታሪኩን ይዞ ከሄደ በኋላ ገበየሁ አንሶላዬ ተንሸራተተ፣ አስተካክዪልኝ አለኝ። ጎንበስ ብዬ ፍራሹን ከፍ ሳደርግ አየሁት። የጠፍር አልጋ ነው። ጠፍሩ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጥቁርና ነጭ፣ አንድ ላይ የተገመደ። ከእግርጌው በኩል ጫፉ ላይ ቋጠሮ አለው፤ ሦስት ጊዜ ዞሮ በራሱ ውስጥ የሚገባ።

በሽተኛ ለመጠየቅ ሄዶ መጣላት ነውር ነው። አንሶላውን አስተካከልሁለት። እግዜር ይማርህ ብዬ ወጣሁ። ዳቦውን ግን ይዤ ተመለስሁ፤ መንገድ ላይ ተቀምጬ በላሁት።

ገበየሁ፣ ይህን መሪጌታ ቤትህ መጥቶ ያነብልሃል። ጆሮዬ አይሰማም እንዳትለው፤ ያን ቀን የወረዳውን ልጅ ደህና አድርገህ ሰምተኸው ነበር። አልጋህን ፍታ። አርባ ዓመት በበሬዎቼ ላይ ተኝተህ ወገብህን ካመመህ የእኔ ጥፋት አይደለም፤ ከመሬት ተኛ፣ አጎዛ እልክልሃለሁ። ቋጠሮውን በቢላዋ እንዳትነካው፤ በእጅህ ፍታው፣ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ሳይጎድል። ኅዳር ሚካኤል ሳምንት ቀረው። ሰማዩን ትናንት አየሁት፣ ጠርቷል፤ የጨፌው ገብሴም ዘንድሮ ዘግይቶ ወተት እንደያዘ ነው። መጫኛዬን ራስህ ተሸክመህ አምጣ። ሐረግ የለችም፣ ጫፍ የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ፤ በላይኛው ወሰን በኩል ትሆናለህ። ወገቤን እንዳትለኝ። ግራዝማች ከአንተ ይከብዱ ነበር፣ እሳቸውም ሮጠዋል። ይህን በሰማህ ማግሥት ማለዳ፣ ፀሐይ ጥዱን ሳትነካ፣ ከካቡ ሥር ላግኝህ።